«ይበቃኛል» እና «ይበቃሃል»

በ2017 ዓ.ም. ክረምት አንድ ማታ ታናሽ ወንድሜ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። የሚናገረው ነገር እንዳለው ያስታውቃል፤ ስኳሩ ከሟሟ የቆየውን ሻይ ደጋግሞ ያማስላል። በመጨረሻ፣ «ወንድም ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ ነበር» አለኝ። ቨርጂኒያ የምትኖረው የአክስታችን ልጅ ለመስቀል ልትመጣ ነው። ከሻንጣዋ ጋር አንድ የኮምፒዩተር ሞኒተር ይዛለት እንድትመጣ እኔ እንድለምንለት ይፈልጋል። ገንዘቡን ከእኔ አልጠየቀም፤ ዕቁብ ወጥቶለታል።

«ሞኒተር የለህም እንዴ?» አልኩት።

«አለኝ።»

«ተበላሸ?»

«ኧረ ደኅና ነው።»

«ታዲያ?»

«ይኼኛው ኦሌድ ነው። በሰከንድ 240 ጊዜ ነው ምስሉን የሚያድሰው። ደግሞ አሁን ረክሷል።»

እኔም እንደ ታላቅነቴ ጉሮሮዬን ጠራርጌ ምክር ጀመርኩ። የምክሬ ማሠሪያ አንዲት ቃል ነበረች፦ «ያለህ ይበቃሃል።» ይህ ጽሑፍ የዚያች ቃል መዘዝ ነው።

የኮምፒዩተር ጌም ለማይጫወት አንባቢ በመጀመሪያ ነገሩን ላስረዳ። ድምፅ ያለው ፊልም ከመጣበት ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲኒማ ቤት የምናየው ተንቀሳቃሽ ሥዕል በሰከንድ 24 ጊዜ የሚቀያየር ፎቶግራፍ ነው። ዐይናችን በዚህ ይታለላል፤ መታለሉንም ወዶት ይኖራል። ቢሮ ጠረጴዛ ላይ የምናገኘው ተራ ሞኒተር ምስሉን በሰከንድ 60 ጊዜ ያድሳል። መለኪያው በጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ በሄንሪክ ኸርዝ ስም «ኸርዝ» ይባላል። ለጌም ተብለው የሚሠሩት ደግሞ 144፣ 240፣ ከዚያም በላይ ይደርሳሉ። በ60 ኸርዝ አንዱ ምስል ለሚቀጥለው ቦታ እስኪለቅ 16.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ይቆያል፤ በ240 ኸርዝ 4.2 ገደማ። ወንድሜ ዕቁቡን ሊያፈስስ የተዘጋጀው ለእነዚህ 12 ሚሊሰከንዶች ነው።

ሌላው ጉዳይ ብርሃኑ ነው። ተራው ሞኒተር ከጀርባው መብራት አለው። ከፊት ያሉት ጥቃቅን ነጥቦች እንደ መስኮት መጋረጃ ሲከፈቱና ሲዘጉ ሥዕል ይሠራሉ። ጥቁር ሲፈለግ መጋረጃው ይዘጋል፤ ነገር ግን መብራቱ ከኋላ አልጠፋምና ጥቂቱ ይሾልካል። ጨለማ ክፍል ውስጥ የሞኒተር ጥቁር አመድማ የሚመስለው ለዚህ ነው። ኦሌድ ግን የጀርባ መብራት የለውም። እያንዳንዱ ነጥብ ለራሱ የሚበራ መብራት ነው። ስፋቱ 27 ኢንች በሆነ፣ 2560 በ1440 ነጥብ በተደረደረበት ሞኒተር ላይ ከ3.6 ሚሊዮን በላይ ነጥቦች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ይበራሉ፣ ይጠፋሉ። ጥቁር ሲፈለግ ነጥቡ ይጠፋል፤ ሌላ ነገር የለም። የሚታየው የተሸፈነ ብርሃን ሳይሆን ጨለማ ነው።

ይህን ብልሃት እ.ኤ.አ. በ1987 ለዓለም ያሳወቁት በኮዳክ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ቺንግ ታንግና ስቲቨን ቫን ስላይክ ናቸው። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2007፣ ሶኒ የመጀመሪያውን የኦሌድ ቴሌቪዥን ጃፓን ውስጥ ለገበያ አቀረበ። ስፋቱ 11 ኢንች ብቻ ነበር፤ አሜሪካ ሲደርስ 2500 ዶላር ተሸጠ። 240 ኸርዝ ያለው ባለ 27 ኢንች የጌም ሞኒተር እ.ኤ.አ. በ2023 ሲወጣ ዋጋው 1000 ዶላር ገደማ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ተመሳሳዩ በ500 ዶላር አካባቢ መገኘት ጀመረ። ወንድሜ «ረክሷል» ያለው ይህን ነው።

እኔም የመጀመሪያውን ድል ያገኘሁ የመሰለኝ እዚህ ላይ ነው። እርሳስ አንሥቼ ሒሳብ ሠራሁለት። በ2023 መጀመሪያ ባንክ አንዱን ዶላር የሚመነዝረው በ54 ብር ገደማ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ፤ በዓመቱ አንድ ዶላር ከ130 ብር በላይ ሆነ። ስለዚህ ያን ጊዜ «ውድ» የነበረው ሞኒተር በባንክ ሒሳብ 54 ሺህ ብር፣ በዚያ በ2017 ክረምት «ርካሽ» የተባለው ግን ቢያንስ 65 ሺህ ብር ነበር። በጥቁር ገበያ ቢሰላ ውጤቱ ሌላ እንደሚሆን አላጣሁትም፤ ሆኖም ለክርክሬ የሚመቸኝን መረጥኩ። «አየህ፣ የረከሰው ለእነሱ ነው፤ ለእኛ ተወደደ» አልኩት። ርካሽ የሚባል ዕቃ የለም፤ ርካሽ የሚሆንለት ሰው እንጂ።

በዚህ አላበቃሁም። የሚጫወትበትን መስመር አነሣሁበት። የጨዋታው ዋና ኮምፒዩተር ያለው ባሕር ማዶ ነው። ወንድሜ እዚህ ተቀምጦ የተኮሰው ጥይት እዚያ ደርሶ መልሱ እስኪመጣ ድረስ የሚፈጀው ጊዜ ስክሪኑ ጥግ ላይ ይጻፋል፤ ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ነው። «መስመሩ 100 እየሰረቀህ ለ12 ትሞታለህ?» አልኩት።

ወንድሜ አልተቆጣም። «የመስመሩን መዘግየት ማስተካከል አልችልም» አለ። «በእጄ ያለው 12ቷ ብቻ ናት።» ከዚያ መደርደሪያዬን ዞር ብሎ አየና፣ «እዚያ ላይ ያልተነበበ ስንት መጽሐፍ አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ዝም አልኩ። «አንድም ቀን ያለህ ይበቃሃል ብዬህ አውቃለሁ?» አለኝ። አሁንም ዝም አልኩ። ሊወጣ ከተነሣ በኋላ በሩ ላይ ቆሞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እማዬም እኮ ይበቃኛል ትል ነበር» አለኝና ሄደ።

ይህኛው ነው ያልለቀቀኝ።

እናታችን ሁለቱንም ዐይኖቿን ሞራ ጋርዷት ዓመታት ኖራለች። ነገሩ ቀስ በቀስ ስለመጣ መቼ እንደ ጀመራት እሷም አታውቀውም። ምስር ስትለቅም ጠጠሩ ያመልጣታል፤ ማታ ማታ ደጃፉን እግሯ ይስተዋል። ሐኪም ቤት እንሂድ ስንላት፣ «የናንተን መልክ ካየሁ ይበቃኛል» ትለን ነበር። እኛም ቃሏን እንደ ምርቃት ተቀብለን እንመለሳለን። እውነቱን ለመናገር ቃሉ ለእኛም ተስማምቶን ነበር። የሐኪሙ ወጪ፣ ከሥራ መቅረቱ፣ ወረፋው ሁሉ በእሷ «ይበቃኛል» ተሸፍኖ ቀረልን። እናቶቻችን «ይበቃኛል» ሲሉ ከልባቸው ይሁን እኛን ላለማስቸገር፣ ጠልቀን የምንጠይቅ ስንቶቻችን ነን?

በመጨረሻ ወንድሜ እንቢታዋን አልሰማም ብሎ በ2015 ዓ.ም. ወሰዳት። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ፋሻው ሲነሣላት መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። «ልጄ፣ ሸብተሃል እኮ» አለችኝ። ቤት ስትገባ ደግሞ ግድግዳውን አየች። ለዓመታት የተከማቸ ጥቀርሻ ነበረበት። «በዚህ ቤት ነው እንግዳ ሳስተናግድ የኖርኩት?» ብላ አፈረች። ሳምንቱን ሙሉ ስታጥብና ስትፍቅ ሰነበተች። ማየቷ ሰላሟን ነሣት ማለት ይቻላል። ሆኖም «ምነው ባላየሁ» ስትል አንድም ቀን አልሰማናትም።

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱን ሁልጊዜ እንደ መጽናኛ ነበር የምረዳው፤ ያላየ ሰው አልጎደለበትም ማለት ነው ብዬ። ከእናቴ በኋላ ግን ሌላ መልክ አወጣብኝ። ያላየ ሰው አለመናፈቁ እርካታ ነው ወይስ አለማወቅ? ያልናፈቀ ሁሉ ጠግቧል ማለት ነው?

እርግጥ ነው፣ የእናቴን ዐይንና የወንድሜን ሞኒተር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይገባም የሚል አንባቢ ይኖራል። እኔም በመጀመሪያ የተከላከልኩት በዚሁ ነው። የእናቴ ጉድለት ከማወቋም በፊት ነበረ፤ ሳታውቀውም እግሯን ይጥላት ነበር። የሞኒተሩ ጉድለት ግን የሚወለደው ከማየት ጋር ነው። በ1994 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ የዓለም ዋንጫ ከኮሪያና ከጃፓን ሲተላለፍ የሰፈራችን ልጆች ጎረቤት ቤት በ14 ኢንች ቴሌቪዥን ነበር የምናየው። በርጩማ ይዘን እንሄዳለን። ኳሱ ጥላ ውስጥ ሲገባ ይጠፋብናል፤ ማን እንዳገባ የምናውቀው ከጩኸቱ ነው። ከዚያ ክፍል ውስጥ አንድም የጎደለበት ሰው አልነበረም። ዛሬ ያንኑ ቴሌቪዥን ቢሰጡኝ ዐሥር ደቂቃ አልታገሠውም። ታዲያ በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ምን አገኘሁ? የተሻለ ምስል አገኘሁ። ምን አጣሁ? በዚያኛው መደሰት አጣሁ። ነጋዴውም የሚኖረው በዚህ ነው፤ አዲሱን ከአሮጌው ጎን አስቀምጦ ያሳየናል፤ ጉድለቱን ዐይናችን ራሱ ይሠራዋል።

ስለዚህ ሁለት ዓይነት ጉድለት አለ አልኩ። አንዱ ሳናውቀው የሚጎዳን፣ ሌላው ስላየነው ብቻ የሚጀምር። የመጀመሪያውን መሙላት ግዴታ ነው፤ ሁለተኛው ቅንጦት ነው፤ ክርክሩም አለቀ።

አላለቀም። ምክንያቱም መደርደሪያዬ ከፊቴ ቆሟል። ልብ ወለድ አንብቦ የማያውቅ ሰው ልብ ወለድ አይናፍቀውም። ክራር ሰምቶ የማያውቅ ጆሮ በክራር እጦት አይታመምም። እኔ እንጀራዬን የምበላበትና ነፍሴን የማጽናናበት ነገር ሁሉ ከሁለተኛው ወገን ነው፤ ካላዩት አይናፍቅም፤ ካዩት በኋላ ግን ያለእሱ መኖር ይከብዳል። ይህን ወገን በሙሉ ቅንጦት ብዬ ብጥለው የምጥለው የወንድሜን ሞኒተር ብቻ አይደለም። የእኔን ፍቅር «ባህል»፣ የእሱን ፍቅር «ሱስ» ብዬ የምከፍለው በየትኛው ሥልጣኔ ነው?

ያን ጊዜ ነው ወደ ቃሉ የተመለስኩት። «ይበቃል» በቋንቋችን ብዙ ጊዜ ብቻውን አይቆምም፤ የሚበቃለትን ሰው በጀርባው አዝሎ ይመጣል። «ይበቃኛል» አለ፤ «ይበቃሃል» አለ። በፊደል ልዩነታቸው ጥቂት ነው፤ በግብር ግን ሰማይና ምድር ናቸው። «ይበቃኛል» የሚል ሰው ራሱን መርምሮ ሊሆን ይችላል። «ይበቃሃል» የሚለው ግን የሌላውን ረኀብ በራሱ ሆድ ይለካል። የዓለም ጌቶች ለሎሌዎቻቸው፣ አሠሪዎች ለሠራተኞቻቸው፣ ታላላቆች ለታናናሾቻቸው ሲሉት የኖሩት ይህኑ ነው። እኔም ለወንድሜ አልኩት። እናቴ ላይ የደረሰው ደግሞ የከፋ ነው፤ እኛ «ይበቃሻል» ማለት ስላፈርን እሷ «ይበቃኛል» እንድትልልን ተውናት።

ይህን ስል «ይበቃሃል» የሚባልበት ቦታ የለም ማለቴ አይደለም። ወላጅ ለሕፃን ይላል። የአንዱ ድርሻ የሌላውን ሲበላ ሕግ ይላል። ወንድሜ ለቤት ማዋጣቱን አቋርጦ ቢሆን እኔም እል ነበር። እሱ ግን ቀን ሙሉ ሞባይል ሲጠግን ውሎ፣ የቤቱን ድርሻ ሰጥቶ፣ የተረፈውን በዕቁብ ያጠራቀመ ሰው ነው። በ65 ሺህ ብር ለተቸገረ ሰው ስንት ወር የቤት ኪራይ ይከፈል ነበር? ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ አያልፍም። ነገር ግን በእኔ መደርደሪያ ዋጋም ይከፈል ነበርና፣ መጠየቅ የሚገባው መጀመሪያ በ«ይበቃኛል» እንጂ በ«ይበቃሃል» አይደለም።

እንግዲህ ለራሱ የሚፈርድ ሰው በምን ይመዝን? ስለ ግሪካዊው ፈላስፋ ስለ ዲዮጋን የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ከጥቂት ንብረቶቹ መካከል ከረጢትና ጽዋ ነበሩ። አንድ ቀን ሕፃን ልጅ በእፍኙ ውኃ ሲጠጣ አየና ሕፃን በለጠኝ ብሎ ጽዋውን ጣለ። ማየት ሁልጊዜ ፍላጎት አይጨምርም፤ ይቀንሳልም ማለት ነው። ሆኖም ሁላችንም ዲዮጋን እንሁን ማለት ለማንም አይጠቅምም። ለእኔ የሚቀርበኝ የአገራችን የጾም ልማድ ነው። ጾመኛ ሥጋ የሚተወው ሥጋ ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ፋሲካ ሲመጣ በደስታ ይበላዋል። የሚተወው፣ በእኔ አረዳድ፣ መተው መቻሉን ለመጠበቅ ነው። ሮማዊው ሴኔካም ለወዳጁ ሲጽፍ ባለጸጋ ሰው በየጊዜው ጥቂት ቀናት መርጦ በተናቀ ምግብና በሻካራ ልብስ እንዲቆይ መክሮ ነበር።

ሚዛኑ ይህ ይመስለኛል። ጥያቄው ወደ ላይ መውጣትህ አይደለም፤ ተመልሰህ መውረድ ትችላለህ ወይ ነው። የተሻለውን አይቶ በቀድሞው መደሰት የቀረለት ሰው አንድ ነገር አገኘ። የተሻለውን አይቶ የቀድሞውን መታገሥ ያቃተው ሰው ግን ያገኘውን ያህል ከፍሏል፤ ዋጋውም በዶላር አይጻፍም።

ለአክስታችን ልጅ ጻፍኩላት። ሞኒተሩ ለመስቀል መጣ።

ወንድሜ ሣጥኑን ሲከፍት አብሬው ነበርኩ። መመሪያውን እያነበበ ያስረዳኛል። ነጥቦቹ የሚበሩበት ነገር ኦርጋኒክ ነው፤ በበራ ቁጥር ያልቃል፤ እንደ ጧፍ ማለት ነው። ሰማያዊው ከሌሎቹ ፈጥኖ ይደክማል። አንድ ምስል ሳይንቀሳቀስ ለብዙ ሰዓታት፣ ለብዙ ቀናት ከቆየ ቅርጹ ስክሪኑ ላይ ታትሞ ይቀራል፤ ብዙ አምራቾች ለዚህ ጉዳት የሦስት ዓመት ዋስትና ይሰጣሉ። ስለዚህ ከጥቂት ሰዓታት ሥራ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ እንዲያርፍ ይጠይቃል፤ ያን ጊዜ ራሱን ያስተካክላል፤ ከመብራት ግን መነቀል የለበትም። «መብራት ኃይል ከፈቀደ» አልኩ፤ ሳቅን።

ከዚያ መብራቱን አጠፋና የሌሊት ትዕይንት ከፈተልኝ። በረሓ፣ ከዋክብት፣ ሩቅ አንድ እሳት። የስክሪኑ ጠርዝና የክፍሉ ጨለማ የት ላይ እንደሚገናኙ መለየት አልቻልኩም። ሲያንቀሳቅሰው እሳቱ ጭራ አላበጀም። ለረጅም ጊዜ አልተናገርኩም። ከልጅነቴ ጀምሮ ስክሪን ሳይ ኖሬአለሁ፤ ሌሊት ሲያሳየኝ ግን ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ወደ ክፍሌ ተመልሼ ይህን ጽሑፍ ለመጀመር ኮምፒዩተሬን ከፈትኩ። ሰባት ዓመት ያገለገለኝ ሞኒተር ነው። ዳራው ጥቁር ነበር፤ ከዚያ ቀን በፊት ጥቁር ነበር ማለቴ ነው። አሁን አመድ ሆኖ ታየኝ። ብርሃኑን ቀነስኩ፤ አመድ ነው። አምፖሉን አበራሁ፤ ያው ነው። ማንም ያልነካው ዕቃ በአንድ ማታ አረጀብኝ።

በማግስቱ ቅዳሜ ወንድሜን ፈልጌ አጣሁት። ሰፈራችን ማዕዘን ላይ ያለች ጌም ቤት ውስጥ አገኘሁት። ከጎረቤት ልጆች ጋር፣ አንድ ጠርዙ በተሰነጠቀ አሮጌ ቴሌቪዥን፣ ቁልፉ በሚጣበቅ መጫወቻ ኳስ ይጫወታል። ተሸንፎ ይጮኻል፤ ልጆቹ ይስቁበታል። «አዲሱን ትተህ?» አልኩት። «እነሱ እኮ እዚህ ናቸው» አለኝ፣ ዐይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሣ።

ቆሜ ጥቂት አየሁ። ከዚያ ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ ወደ አመዱ ሞኒተሬ። እሱ ወጥቶ ወርዷል። «ይበቃሃል» ያልኩት እኔ ግን፣ ይህን እየጻፍኩ እንኳ፣ በመስመሮቹ መካከል ያለውን ጥቁር እያየሁ ስንት ብር እንዳለኝ እቆጥራለሁ።